የጨፌው አፈር ጠግቧል

በ2087 ዓ.ም. ሸምበቆ ሜዳ ከተማ ውስጥ ሰው ቀኑን የሚያውቀው በወንዙ ቀለም ነበር። ሰኞ ወንዙ ቀይ ነው፤ ከላይ ያሉት ማቅለሚያ ቤቶች ሰኞ ሰኞ ቀይ ይነክራሉ። ማክሰኞ ወይን ጠጅ ይሆናል። ረቡዕ አረንጓዴ። ሐሙስ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ገንዳቸውን ስለሚያጥቡ ቀለም የለውም፤ ሽታው ግን ግመል ያስነጥሳል። ዓርብ ሰማያዊ ነው። "ሠርጉ መቼ ነው?" ሲባል "በሰማያዊው" ብሎ የሚመልስ ከተማ በዓለም ላይ ይኸ ብቻ ነው። እሑድ ፋብሪካ ስለማይሠራ ወንዙ የራሱን መልክ ይይዛል፤ ያን ቀን ሕፃናት ይፈሩታል።

ይህ ሁሉ ቀለም ከተማውን አቋርጦ ዳር ላይ ያለው ጨፌ ውስጥ ይገባል። ጨፌው አርባ ሄክታር ሸምበቆና ጥቁር ጭቃ ነው፤ የከተማው ሰው ግን አራት መቶ ነው ይላል። ወንዙ በአንድ በኩል ቀይ ሆኖ ይገባና በጭቃው ውስጥ ሲንፏቀቅ ቆይቶ በሌላው በኩል እንደ ሕፃን እንባ ጠርቶ ይወጣል። ሠላሳ ሺህ ሰው የሚጠጣው ይህንን ነው።

የውሃ መመርመሪያ መሣሪያ በከተማው የለም። ነበረ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት መሣሪያው ስምንት ወር ሙሉ "ንጹሕ" እያለ የግማሽ ከተማ ጥርስ ረገፈ። ከዚያ በኋላ ነው የቅምሻ ደንብ የወጣው። ድግስ ላይ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምሰው፣ ውሃውን የሚያሳልፈውም ሰው አስቀድሞ ሕዝብ እያየው ይጠጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አደባባዩ መሐል ያለው ሰገነት ላይ ይወጣል፤ አንድ ጽዋ ይጨልጣል፤ ወንበሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። አደባባይ ያልመጣ ሰው ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚበራው ምስል ያየዋል። ግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ ሰውየው ደህና ከሆነ "ይለፍ" ይላል። የጨፌው በር የጠጣውን ሰው ድምፅ ሰምቶ ይከፈታል፤ ቧንቧዎችም ይንፎለፎላሉ።

አሳላፊው ጋሽ ያብስራ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው፤ ከስሙም ያስታውቃል፤ ያብስራና ብሌን የሽማግሌዎች ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚወልድ ሁሉ ልጁን አልጋነሽ፣ ደብሪቱ፣ ገብረየስ ነው የሚለው። ያብስራ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር ጠጥቷል። ግማሽ ሰዓቷን ዝም ብሎ አያሳልፋትም። "የዛሬው ውሃ ሐር ነው" ይላል። "ደጋ ላይ ትናንት ካፊያ ጥሏል፤ ግራር ግራር እያለኝ ነው" ይላል። አንዴ "ከውሃው ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ስታስብ ጣዕሟ መጣብኝ" ብሎ ከተማውን ለሦስት ቀን አስቋል። በአገሩ ላይ እንደሱ ያለ ምላስ አልተፈጠረም ይባል ነበር፤ ከአራት ወረዳ ሊያዩት ይመጡ ነበር።

እውነቱ ግን ያብስራ ውሃን ከውሃ ለይቶ አያውቅም። ከአምስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ምላሱ ጨውን ከስኳር አይለይም። ይህን ለልጁ ለአልጋነሽ እንኳ አልነገራትም።

አልጋነሽ የካቲት ሦስት ቀን ወንድ ልጅ ወልዳ አባቷ ቤት እየታረሰች ነበር። ጡቷ እምቢ ስላለ ሕፃኑ የሚጠባው የዱቄት ወተት ነው፤ በቀን ስምንት ጡጦ፣ ሁሉም በቧንቧ ውሃ የሚበጠበጥ።

ሁለት ወር ሙሉ ከአፈር ጥናት ጣቢያ የመጣች ዶክተር ደብሪቱ የምትባል ወጣት ጨፌው ውስጥ ስትቆፍር ከረመች። ሰው የሚያክል ቱቦ ጭቃው ውስጥ ትሰካለች፤ ጭቃውን እንደ ቋሊማ ትጎትተዋለች፤ እየቆራረጠች ታሸታለች፤ በጣቷ ታሻለች፤ ትጽፋለች። ስትጨርስ ውጤቱን ለከተማው አስተዳደር ላከችና ወደ ሌላ ረግረግ ሄደች። ለሕዝብ የሚነገር ማስታወቂያ ከአምስት ቃል እንዳይበልጥና ማንም እንዲገባው ሆኖ እንዲጻፍ ደንብ ነበር። የጻፈችው ሦስት ቃል ነው።

ዓርብ፣ በሰማያዊው ጠዋት፣ ወረቀቱ ለያብስራ ደረሰው። ጽዋውን ጨልጦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ብድግ አለ።

"የሸምበቆ ሜዳ ሰው፣ ዶክተሯ ያገኘችውን ስሙ። የጨፌው አፈር ጠግቧል።"

ሰው ወደ ሰገነቱ ተጠጋ።

"ጠግቧል" አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሏን አፉ ውስጥ እያገላበጠ። "ስንት ዘመን ያጠጣን አፈር ዛሬ እሱም ጠገበ። ባለፈው ሳምንት ውሃው ጉሮሮዬ ላይ ገብስ ገብስ ሲለኝ ምን አልኳችሁ? ይኸ አፈር ከዘራ ቢተክሉበት ያብባል። ሬሳ ቢቀብሩበት..." አለና እሱን ተወው።

እልልታው ሦስት ተራራ ተሻገረ። በዚያ አገር አፈር ጠገበ ሲባል ለሰው የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ የጠገበ ማሳ፣ ፍግ የጠገበ ጓሮ። ከሰዓት በኋላ አስተዳደሩ የጨፌውን በር አስፍቶ በቀን ሁለት ሰዓት የነበረውን የውሃ ፈረቃ አምስት አደረገው። በርሜል ሞላ። ሠላሳ ዓመት ውሃ ነክቶት የማያውቅ ምንጣፍ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጣ። በዚያ ሰሞን ስም ያልወጣላቸው ሰባት ወንዶች ልጆች ሁሉ ጥጋቡ ተባሉ። አንዱ የአልጋነሽ ልጅ ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ ስንት ጡጦ እንደጨረሰ ታውቃለህ? አሥር።"

"የማን የልጅ ልጅ ነው? ጨፌውን ያደርቀዋል ገና" አለ ያብስራ።

ሰኞ ዶክተር ደብሪቱ ተመለሰች። ያብስራን ያስጠራችው ጨፌው ዳር ነው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ የሰፋውን በር ታያለች።

"ጋሽ ያብስራ፣ ይኸን በር ማነው ያሰፋው?"

"አንቺው ነሻ። ሐውልት ሊያቆሙልሽ እየተማከሩ ነው። ከወገብ በላይ ይብቃት አሉ፤ እኔ ሙሉ ካልሆነ ብዬ ተጣላሁልሽ።"

"እኔ እኮ ዝጉ ነው ያልኩት።"

"የቱ ጋ?"

"ወረቀቱ ላይ። ጠግቧል አልኩ አይደለም እንዴ?"

"አዎ፣ ጠገበ። እሰየው።"

ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር አንድ እፍኝ ጭቃ አነሣች። "ይኸ ጭቃ አርባ ዓመት መርዝ ሲውጥ ነው የኖረው። እርሳሱን፣ ክሮሙን፣ የወረደውን ሁሉ። ጠገበ ማለት ከዚህ በኋላ አይውጥም ማለት ነው። ቀለሙን አሁንም ያጣራል፤ መርዙን ግን እንደመጣ ያሳልፈዋል። ውሃው ሲበዛበት ደግሞ የዋጠውንም መመለስ ይጀምራል።"

ያብስራ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ቀልዱን ትቶ ጠየቃት።

"ታዲያ ሞልቷል አትይም?"

"ሞልቷል ብል ጎርፍ መጣ ብላችሁ ተራራ ትወጣላችሁ ብዬ ፈራሁ። እኛ ትምህርት ቤት የምንለው ጠገበ ነው። አፈሩ ጠገበ፣ ሥራው አለቀ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው የጠገበው?"

"ከጥር መጨረሻ ይመስለኛል።"

ያብስራ ጭቃዋን አየ። ደህና ጭቃ ትመስላለች። "ለምሳሌ ያህል" አለ፣ "ሕፃን ልጅ ቢሆን፣ በዱቄት ወተት የሚያድግ..."

"ስንት ቀኑ ነው?"

"ለምሳሌ ነው ያልኩሽ።"

"ስንት ቀኑ ነው፣ ጋሽ ያብስራ?"

"ሃያ አንድ።"

"አሁኑኑ ያቁም" አለች። ከድንኳኗ አንድ ጀሪካን አውጥታ ሰጠችው። ከጣቢያዋ ይዛው የመጣችው የመጠጥ ውሃዋ ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

ያብስራ ጀሪካኑን ተሸክሞ እየሮጠ ቤቱ ገባ። ለአልጋነሽ ሁሉንም ነገራት። ልጁን እያስገሳች ሰማችው፤ በመጨረሻ ፈገግ አለች።

"አባዬ፣ ባለፈው ዓመት አዲሱ ሳሙና ጣት ያሟሟል አላልክም?"

"እሱ ቀልድ ነበር።"

"ጎረቤታችን ደግሞ ከነሕይወቷ ተቀብራ ተመለሰች አልክ።"

"አልጌ፣ ይኸ እውነት ነው።"

"በሳሙናውም ጊዜ እውነት ነው ብለኸኝ ነበር።" ጀሪካኑን ግን ተቀብላ ጥግ አስቀመጠችው፤ አባቷን ማስቀየም አትወድም። ያብስራ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ጡጦውን ከቧንቧው በርሜል እየቀዳች አገኛት። ከእጇ ነጥቆ ደፋው። ልጁ አለቀሰ፤ አልጋነሽም ተቆጣች። እሱ ቤት እያለ ከጀሪካኑ፣ እሱ ሲወጣ ግን ከቅርቡ በርሜል እንደምትቀዳ ከፊቷ ገባው። ይህን ልጅ ከውሃው የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ውሃው ራሱ ሲቀርና የተቀዳው ሲደፋ።

የውሃ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ናሆም ሁሉን ነገር የሚሠራው በቅጽ ነው። የእርምት ቅጹን አውጥቶ ብዕሩን አዘጋጀ።

"የተሳሳተው ቃል?"

"ጠግቧል።"

"የተስተካከለው ቃል?"

ያብስራ አሰበ። "ጠግቧል።"

ናሆም ብዕሩን አስቀመጠ። "ሁለቱ አንድ ከሆኑ ቅጹ አይቀበልም፣ ጋሼ።"

"እሺ ዶክተሯ ሌላ ቃል ትጻፍ።"

"ጻፈች። በጣቢያዋ በኩል ዞሮ እስኪመጣ አሥራ አራት ቀን ነው፤ እስከዚያ በቃሏ ብትናገር አይጸናም።"

"ቦቴ ጥራልኝ እንግዲያው። ደህና ውሃ ይምጣ።"

"ቦቴ የሚጠራው በሩ ሲዘጋ ነው፤ ከተጠራም ስድስት ቀን ይፈጃል። ውሃችን በቀን አምስት ሰዓት እየፈሰሰ ቦቴ ላኩልን ብል ምን ይሉኛል? ጥጋብ ነው የሚሉኝ።" ቅጹን መልሶ ከተተው። "አንተ ካልጠጣህ ግን በሩ አይከፈትም። ያ ሥልጣንህ ነው።"

ማክሰኞ ጠዋት ወንዙ ወይን ጠጅ ሆኖ ነጋ። ያብስራ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጽዋውን ያዘ። አደባባዩ ጢም ብሏል።

"ዛሬ አልጠጣም" አለ።

"ጠግቦ ነዋ" አለ አንዱ ከታች፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ያብስራ ጠበቀ። ሳቁ ሲያልፍ ነገራቸው፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ እርሳሱ፣ ቃሏ ምን ማለት እንደሆነች። በሃያ ዓመት ውስጥ ምንም ሳይጨምርበት የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ቀልዱ የቱ ጋ እንደሚመጣ እየጠበቀ በጥሞና ሰማው። ሲጨርስ አጨበጨቡለት።

"አልቀለድኩም።"

"አየህ ፊቱን? ይችልበታል እኮ ይኸ ሰውዬ" አለች አንዲት ሴት ለባሏ።

የያብስራ ጎረቤት እትዬ ብሌን፣ ሰባ ዓመት የሞላት ኮስታራ ሴት፣ ሰገነቱን እየተነፈሰች ወጣች። "አንተ ልጅ፣ ልብሴን ሳሙና መትቼ ነው የመጣሁት። ቀልድም ሲያጥር ነው።" ጽዋውን ከእጁ ወስዳ ጨለጠችውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ደንቡ የጠጣ ያሳልፍ ይላል እንጂ ማን ይጠጣ አይልም። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

አምስት ደቂቃ ሄደ። አሥር። ያብስራ ቤቱ ግድግዳ ፊት ጡጦ ይዛ የምትጠብቅ ልጁ በዓይነ ሕሊናው ታየችው። ሌሎቹ ስድስት ጥጋቡዎችም ታዩት፤ እናቶቻቸው ጀሪካን የሰጣቸው የለም። አሥራ ስምንት። እትዬ ብሌን መቀነቷን እያስተካከለች ለ"ይለፍ" ትዘጋጃለች።

"እትዬ ብሌን፣ ተነሽልኝ። ወንበሩ የኔ ነው።"

"ልትጠጣ?"

"ልጠጣ።"

"እንዲህ በል እንጂ" ብላ ተነሣች። ጽዋውን እንደገና ሞላ፤ ጠጣ፤ ተቀመጠ። ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ።

ያብስራ በሕይወቱ ብዙ አጋንኗል። ያን ጠዋት ያጋነነው ግን የቀረውን ሁሉ ያስንቃል። በስምንተኛው ደቂቃ ከንፈሩን ነከሰ። በአሥረኛው ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እጁን በሌላ እጁ ያዘና እንዳያዩበት የሚሸሽግ መሰለ። በአሥራ ሁለተኛው "ውሃው..." አለና ከወንበሩ ወደቀ። ሦስቱን ደረጃ በጎኑ ተንከባለለ። ምላሱን ነክሷት ስለነበር አፉ ደም ሞላ፤ እግሩ የሰገነቱን ጣውላ እንደ ከበሮ መታው። ዓይኑን ገልብጦ ነጩን አሳየ።

እትዬ ብሌን አየችው። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እሷን የእውነቷን አስመለሳት፤ ያብስራ ጫማ ላይ።

አደባባዩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ቀረ። ማንም "ይለፍ" አላለም፤ በሩ ተዘግቶ ቀረ። ናሆም በአራተኛው ደቂቃ ቦቴ ጠራ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የከተማው ሰው በርሜሉን ሁሉ መንገድ ላይ ደፍቶ ጨረሰ፤ አስፋልቱ እንደ ክረምት አበራ። ቦቴው እስኪመጣ ትልልቁ ሰው ቤት ባለው ጠላና ለስላሳ ኖረ። አልጋነሽ በርሜሉን ስትገለብጥ ክዳኑንም አብራ ወረወረችው።

ያብስራን በቃሬዛ ቤቱ አስገቡት። መነሣት የለበትም። ዛሬ ቆሞ ቢታይ ነገ በሩ ይከፈታል። ለአልጋነሽም መንገር አልቻለም፤ ያቺ ልጅ የሰማችው ነገር ፊቷ ላይ ይነበባል። ጠያቂ ቤቱን ሞላው፤ እየተቀባበሉ ቀን ከሌት አልጋው ዙሪያ ተቀመጡ። እያቃሰተ የአልጋነሽን እንባ ያያል። ለሕፃኑ ከጀሪካኑ በማንኪያ እየለካች ነበር የምትበጠብጥለት። ጀሪካኑ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ወሬውን ሰምተው የሌሎቹም ጥጋቡዎች እናቶች ጡጦ ይዘው መጡ፤ አልከለከለቻቸውም። በአምስተኛው ቀን አለቀ።

ያን ቀን ዶክተር ደብሪቱ መጣች። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ የእጁን አንጓ ያዘች፤ ጠያቂዎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"እንዴት ነዎት?"

"ሞቻለሁ።"

"በደንብ ነው የሚያስመስሉት። አፍዎን ይክፈቱልኝ።"

ለይስሙላ መስሎት ከፈተ። ከንፈሩን በጣቷ ገልጣ ድዱን አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

"ይኸ ሰማያዊ መስመር ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እርጅና ነው እሱ።"

አልሳቀችም። "እርሳስ ነው ይኸ፤ ከጥር የጀመረም አይደለም። ጣዕም ያውቃሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።"

ያብስራ ወደ ልጁ አየ። አልጋነሽ ጥግ ላይ ባዶ ጡጦ ይዛ ሕፃኑን ታባብላለች። "አላውቅም" አለ በትንፋሹ። "ለማንም እንዳትናገሪ።" ዶክተሯ ከንፈሩን መልሳ ለቀቀችው፤ እጇን ግን ከአንጓው ላይ ወዲያው አላነሣችም።

በስድስተኛው ቀን ቦቴው ገባ። ሾፌሩን ናሆም ከየት ቀዳኸው ሲለው "ከላይ ነው" አለ። ከየትኛው ላይ ሲለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ በሰልፍ ቆመ፤ ማንም ግን ወደ ቦቴው አልቀረበም። ሳይቀመስ ማን ይጠጣል? ናሆም ያብስራ ቤት መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ጋሼ፣ እንደው ደግፈንህ ወንበሩ ላይ ብቻ ብትቀመጥ?"

ያብስራ ጠያቂዎቹን አየ። ሁሉም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሰልሏል። እነሣለሁ ቢል ተነሥቶ መሄድ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ቦቴውን መልሰው ጨፌውን ይከፍቱታል። ዓይኑን ጨፈነ።

"ተወው፣ ደክሟል" አለች አልጋነሽ። ልጇን ያብስራ ክንድ ላይ አስተኛችው፤ ነጠላዋን አጣፋች። "እኔ እጠጣለሁ።"

"አራስ እኮ ነሽ" አለ ናሆም።

"ለዚሁ ነዋ።"

ያብስራ ጨፍኖ እንደተኛ የእርምጃዋን ድምፅ እስከ በሩ ተከተለው። ግድግዳው በራ። ሰገነቱ ላይ ስትወጣ፣ ጽዋው ሲቀዳ፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ምንም።

አልጋነሽ ወሬ አልነበራትም። ስለ ሐርም ስለ ገብስም አላወራችም። ግማሽ ሰዓት እንዲህ እንደሚረዝም ያብስራ በሃያ ዓመት አላወቀም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አንዴ አሳላት፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ያብስራ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጣቱን ጨበጠ።

"ጎማ ጎማ ይላል" አለ በመጨረሻ ድምፅዋ። "ሌላ ነገር አልታወቀኝም። ይለፍ።"

ማንም አላጨበጨበም። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ጀሪካን ሲሞላ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለተኛው።

"ልጅህ እንዳንተ አትችልበትም" አለች እትዬ ብሌን ከአልጋው ግርጌ።

ያብስራ መልስ ነበረው። በሽተኛ ነውና አልመለሰም። ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ልጁ ከአደባባዩ እስክትመለስ፣ በእግሯ ቆማ እየሄደች በሩን ከፍታ እስክትገባ፣ ኮቴዋን ያዳምጥ ጀመር።